ስለ ማስታገሻ ሕክምና ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ነርስ ነኝ፣ ደሴ ነው የምኖረው። ሥራዬን የሚያውቅ ጎረቤት ቡና ላይ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ነገር ከአቦል እስከ በረካ አያልቅም። አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ሐኪም "ከዚህ በላይ የምናደርግለት የለም" ያለው ሰው ምን ይደረግለት? ለዚህ መልስ ያለው የሕክምና ዘርፍ አለ። ፓሊየቲቭ ኬር ይባላል፣ እኔ እዚህ ማስታገሻ ሕክምና እለዋለሁ። የት ተጀመረ፣ የትኛው አገር እንዴት አስፋፋው፣ እኛስ ጋ የሚሉትን ሰብስቤ ጻፍኳቸው። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

ማስታገሻ ሕክምና ማለት ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤት መላክ አይደል እንዴ?

አይደለም። ግን ሰው እንደዚያ ቢያስብ አልፈርድበትም፣ ያየው እሱን ነዋ። አጎቴ የኩታበር ሰው ነበር። የጉሮሮ ካንሰር ነው ተብሎ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሲመለስ በእጁ የነበረው አንድ ወረቀትና ጥቂት ፓራሲታሞል ነው። "ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቡት" ተባልን። እንዴት? የነገረን የለም። ሦስት ወር ቆየ። ሦስቱንም ወር እሱ ሌሊት ሲያቃስት፣ ሚስቱ እንቅልፍ ሳይዞርባት ነው ያለፈው። እኔ ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፣ ከጎኑ ቁጭ ብዬ "አብሽር" ከማለት ሌላ የማውቀው አልነበረም። ይሄ ማስታገሻ ሕክምና አይደለም። መጣል ነው።

ማስታገሻ ሕክምና ሥራ አለው። ህመሙን ከአንድ እስከ አሥር እያስገመቱ መመዝገብ፣ መድኃኒቱን ሰዓቱን ጠብቆ መስጠት፣ ማስመለሱን፣ የትንፋሽ ማጠሩን፣ የሆድ ድርቀቱን፣ ቁስሉን መከታተል፣ ከዚያ ደግሞ ጭንቀቱን፣ የቤቱን ጓዳ፣ የነፍሱን ነገር ማየት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም በሽታው ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ ከዋናው ሕክምና ጎን ለጎን እንዲሰጥ ነው። ኬሞ የሚወስድ ሰውም ያገኘዋል። ሞትን አያፋጥንም፣ ሞትን በግድ ልግታ ብሎም አይታገልም።

ለካንሰር ብቻ ነው?

ሰው ሁሉ የሚገረመው እዚህ ላይ ነው። በ2014 በወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ግምት አገልግሎቱ ከሚያስፈልጋቸው አዋቂዎች ትልቁን ድርሻ የያዙት የልብና የደም ሥር በሽተኞች ናቸው፣ 38.5 በመቶ። ካንሰር በ34 በመቶ ይከተላል። ከዚያ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ ኤች አይ ቪ፣ ስኳር እያለ ይቀጥላል። ልቡ ደክሞ ሦስት ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሎ የሚያድር ሰው ሰፈራችሁ ውስጥ አለ አይደል? ስለ እሱም ነው የማወራው። ስለ ሕፃናትም።

ማን ጀመረው?

የሚሞት ሰው ማስታመም ድሮም በየአገሩ አለ። በዛሬው መልኩ እንደ ሕክምና ያቆመችው ግን ሲስሊ ሳንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት ናት። መጀመሪያ ነርስ ነበረች፣ ከዚያ ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ መጨረሻ ላይ ሐኪም። ማኅበራዊ ሠራተኛ ሳለች ከፖላንድ ተሰዶ የመጣ አንድ አይሁዳዊ ካንሰር ታሞ ሆስፒታል ውስጥ ታገኛለች። ዘመድ የለው፣ አገር የለው። ስለ አሟሟቱ ብዙ አወሩ። በ1948 ሲሞት 500 ፓውንድ ተወላት። ያንን ይዛ ለሞት የቀረቡ ሰዎች የሚታከሙበትን ቤት፣ ሆስፒስ የሚባለውን፣ እስክትከፍት 19 ዓመት ፈጀባት። የለንደኑ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስ የተከፈተው በ1967 ነው። መሃል ላይ ሕክምና ተማረች፣ ሞርፊን የሚባለው ብርቱ የህመም ማስታገሻ በአፍ፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ህመሙ ሳይመለስ በፊት ቢሰጥ ሰው አእምሮው ሳይደነዝዝ ሊኖር እንደሚችል አሳየች። ህመም የሥጋ ብቻ አይደለም፣ የሐሳብም፣ የኑሮም፣ የነፍስም ነው የምትለው ነገርም የሷ ነው። የኛ እናቶች "ያመመኝስ ሌላ ነው" ሲሉ ይሄንኑ ማለታቸው ይመስለኛል።

ከዚያ እንዴት ተስፋፋ?

ፈረንጅ አገር በተለያየ መንገድ ሄደ። እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛው ሆስፒስ የበጎ አድራጎት ነው፣ ሰዉ ያገለገለ ልብስ በሚሸጥ ሱቅ ሳይቀር እያዋጣ ያኖረዋል። አሜሪካ በ1974 ኮነቲከት ላይ ጀምራ በ1982 መንግሥት በአረጋውያን የጤና መድኅን በኩል እንዲከፍል ሕግ አወጣች። ገንዘቡ ሲመጣ አገልግሎቱ በየከተማው ፈላ። ግን ሐኪም "ስድስት ወር ቢቆይ ነው" ብሎ መፈረም አለበት፣ በሽተኛውም የማዳኛውን ሕክምና መተው አለበት። ይሄ ሕግ ነው ሆስፒስን የመሞቻ ቤት ያስመሰለው ብዬ አምናለሁ። ካናዳ ደግሞ ባልፎር ማውንት የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሞንትሪያል ውስጥ በ1970ዎቹ አጋማሽ እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ክፍል ከፈተ። ፓሊየቲቭ ኬር የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው።

እነሱ ሀብታም ናቸው። ድሃ አገር ላይ ይሠራል ወይ?

ይህችን ጥያቄ እወዳታለሁ፣ ምክንያቱም መልሱ ካምፓላ ነው።

አፍሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ሆስፒስ በ1979 ሐራሬ ላይ ተከፈተ፣ ናይሮቢ በ1990 ተከተለች። ነገሩን የቀየረችው ግን ዩጋንዳ ናት። አን ሜሪማን የሚሏት ሐኪም በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ ዩጋንዳን ስትመሠርት አገሩ በኤች አይ ቪ እየተቆላ ነበር። የሚውጡት የሞርፊን ኪኒን ውድ ነው፣ መርፌው ደግሞ ቤት ለቤት አይሆንም። ሲንጋፖር ሳለች የሠራችበትን ዘዴ ይዛ መጣች። የሞርፊን ዱቄት በውሃ ይበጠበጣል፣ እንዳይበላሽ መጠበቂያ ይጨመርበታል፣ ጥንካሬው እንዳይምታታ በቀለም ይለያል። አለቀ። ጠርሙስ ሲጠፋ ያለቀ የሃይላንድ ጠርሙስ ታጥቦ ይሞላበት ነበር። ከደሴ ፒያሳ በየመንገዱ የሚወድቀው ዓይነት።

ሁለተኛው ሥራ ከመድኃኒቱ ይከብዳል። ሐኪም ካምፓላ ነው ያለው፣ በሽተኛው ገጠር ነው። ስለዚህ ዩጋንዳ በ2004 ሕጉን ቀይራ ለይተው የሠለጠኑ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሞርፊን እንዲያዝዙ ፈቀደች። ሥልጠናው ዘጠኝ ወር ነው። ይሄን ሳነብ ከመቀመጫዬ ነው የተነሳሁት። ነርስ! ብዙ ሀብታም አገር ያልደፈረውን ዩጋንዳ ደፈረችው። ፈሳሹን ሞርፊንም መንግሥት ገዝቶ ለበሽተኛው በነጻ ይሰጣል።

ሞርፊን ሱስ አያስይዝም? ሰውየውንስ አይገድልም?

የጦሳን ተራራ የሚያህል ፍርሃት አለ እዚህ ላይ፣ ባለሙያውም ጭምር ይፈራል። ነገሩን በቀጥታ ልንገራችሁ። ሞርፊን ያለ አግባብ ከተወሰደ አደገኛ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ እንደ ሞርፊን ባለ የህመም ማስታገሻ የደረሰው ጥፋት ተረት አይደለም። ለከባድ የካንሰር ህመም፣ ከትንሽ ተጀምሮ፣ እየታየ በልክ ሲጨመር ግን ሌላ ነው። ሰውየው አይሰክርም። ይተኛል፣ ይነሳል፣ ልጁን ያጫውታል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ያንቀላፋዋል፣ ሊያቅለሸልሸው ይችላል፣ ያልፋል። የማያልፈው የሆድ ድርቀት ነው፣ ስለዚህ ሞርፊን ሲታዘዝ ማለስለሻ አብሮ ካልታዘዘ ጠይቁ። ፈሳሹ ይመራል። በአራት በአራት ሰዓት ነው። ህመሙ እስኪመጣ ጠብቆ መስጠት ስህተት ነው፣ የተነሳ ህመም ለመመለስ ብዙ መድኃኒት ይፈልጋል።

ከፓራሲታሞል ተነስቶ በመካከለኛው አልፎ ሞርፊን ድረስ የሚሄደውን የደረጃ አሰጣጥ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው በ1986 ነው። አደንዛዥ ዕፅን የሚቆጣጠረው የ1961ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ራሱ መግቢያው ላይ እነዚህ መድኃኒቶች ህመምን ለማስታገስ የግድ ያስፈልጋሉ ይላል። አገሮች መቆጣጠሩን ያዙና ማዳረሱን ረሱት።

ምን ያህል ረሱት? በ2017 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን አስልቶታል። በዓለም በዓመት የሚከፋፈለው ብርቱ የህመም ማስታገሻ በሞርፊን ሲመነዘር 298.5 ቶን ነበር። ከዚያ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች የደረሳቸው 0.1 ቶን። በኛ አለካክ 2,985 ኩንታል ተጭኖ ሲያልፍ ለድሃ አገሮች ሁሉ አንድ ላይ የወረደላቸው አንድ ኩንታል ነው።

ሁሌ ኬረላ ኬረላ ትያለሽ፣ ምን አግኝተሽ ነው?

ወሎን ስላገኘሁበት ነው።

ኬረላ ደቡብ ህንድ ያለች ክፍለ ሀገር ናት። ከህንድ ሕዝብ 3 በመቶ ገደማ ቢሆኑ ነው፣ ግን ለብዙ ጊዜ ከአገሪቱ የማስታገሻ አገልግሎት ሁለት ሦስተኛው የነበረው እነሱ ጋ ነው። በ1993 ካሊከት ከተማ የሕክምና ኮሌጁ ሐኪሞች፣ ራጃጎፓል የሚባለው የማደንዘዣ ሐኪም ጭምር፣ አንዲት ክሊኒክ ከፈቱ። በሽተኛው በዛ። ሩቅ ያለው መምጣት አቃተው። ስለዚህ ነገሩን ለጎረቤት ሰጡት። በየመንደሩ ያለው ሰው፣ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር፣ 16 ሰዓት ትምህርትና አራት ቀን ልምምድ ወስዶ በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሰጥ ሆነ። ነርስ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ ሐኪም ከጀርባ አለ። ጎረቤቱ ደግሞ ያጥባል፣ ያጫውታል፣ ሩዝ ያለቀበትን ቤት ያያል፣ የታመመችው እናት ልጆች ደብተር እንዳላቸው ይጠይቃል። ገንዘቡም በትንሽ በትንሹ እዚያው የሚለቀም ነበር። ሙስሊሙም ሂንዱውም ክርስቲያኑም አንድ ላይ። የክልሉ መንግሥት ፖሊሲ አድርጎ ያጸደቀው በ2008 ነው፣ ሕዝቡ ከጀመረ ከ15 ዓመት በኋላ።

ታዲያ ቅሬ ይሄን ሊሠራ ይችላል እያልሽ ነው?

ለሩቅ አንባቢ ልንገር፦ ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ ነው የምንለው። ሙስሊም ክርስቲያኑ አንድ ቅሬ ውስጥ ያለበት ሰፈር ብዙ ነው። መዋጮ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ጥሩምባ አለው፣ ቀሪ ይቀጣል። አጎቴ በሞተ ቀን ድንኳኑ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቆመ፣ ወንበሩ መጣ፣ እንጨቱ ተፈለጠ፣ የሚበላው ሦስት ቀን ሙሉ ከየቤቱ ጎረፈ። ያን ያህል ጉልበት አለን ማለት ነው። በሦስቱ ወር ግን የመጣው ጠያቂ ነው። ብርቱካን ይዞ ይገባል፣ "አላህ ያሽርህ"፣ "እግዜር ይማርህ" ይላል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይሄዳል። ቡናውን የምታፈላው ደግሞ ሌሊቱን ያልተኛችው ሚስቱ ናት።

የኛ ሰፈር ቅሬ ስብሰባ ላይ አንስቼው ነበር። አንድ ሽማግሌ "ሰው ሳይሞት ቅሬ ይወጣል እንዴ? ሟርት ነው" አሉ። ግማሹ አጉረመረመ። አንዲት አሮጊት ናቸው ያዳኑኝ፦ "እኔ እንደሆነ ስታመም ነው የምፈልጋችሁ፣ ከሞትኩማ ማን መጣ ማን ቀረ መቼ አይቼ!" ሰዉ ሳቀ። ውሳኔ አልተወሰነም፣ ዳኛው ለሚቀጥለው ይደር አሉ። ግን በሳምንቱ ሁለት ሴቶች እግሯ የማይነሳ ጎረቤታቸው ጋ ተራ ገብተው ማደር ጀመሩ። የልብስ ማጠቢያ ቀን ያወጡም አሉ። እኔ መገላበጡንና የቁስሉን አያያዝ አሳየኋቸው። ከዚህ የበለጠ ነገር ሆኗል ብዬ አልዋሻችሁም።

ሌሎች አገሮችስ?

ሩዋንዳ በ2011 ብሔራዊ ፖሊሲ አወጣች፣ ፈሳሽ ሞርፊንም እዚያው ታዘጋጃለች። ሮማኒያ ብራሾቭ ላይ በ1992 ሆስፒስ ቢከፈትም መድኃኒት ለማዘዝ የነበረው ፈቃድ መዓት ነው፣ ከ1969 ጀምሮ የኖረውን ሕግ የቀየሩት በ2005 ነው። ህንድም የራሷን ጥብቅ የዕፅ ሕግ በ2014 አላላች። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ጉባኤ ማስታገሻ ሕክምናን አገሮች በጤና ሥርዓታቸው ውስጥ እንዲያስገቡ ወሰነ። ይህም ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር እንዲህ ነው፦ በዓመት 56.8 ሚሊዮን ሰው ያስፈልገዋል፣ የሚያገኘው 14 በመቶ ገደማ ብቻ።

ኢትዮጵያ ውስጥስ?

አለ፣ ግን እንደ ክረምት ፀሐይ ነው። ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ በ2003 ተመሠረተ፣ የመሠረተችውም ነርስ ናት። ጤና ጥበቃ በ2016 የማስታገሻ ሕክምና ብሔራዊ መመሪያ አወጣ። መመሪያው ጥሩ ነው፣ አንብቤዋለሁ። መመሪያ ግን ወረዳ ላይ ጠርሙስ ሆኖ ካልወረደ ወረቀት ነው። ወሎ ላይ ደግሞ በ2021 ጦርነት ጤና ተቋሞቻችን ተዘርፈው፣ ከፋሻና ከአልጋ ነው እንደገና የጀመርነው። በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለችን፣ ይሄ ብዙ አገር የሌለው ነገር ነው። ዩጋንዳ በነርስ የሠራችውን እኛ በነርስና በእሷ የማንሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ለበሽተኛው ይነገረው ወይስ ይደበቅ?

እኛ አገር እንደብቃለን። ልጁ ያውቃል፣ ወንድሙ ያውቃል፣ በሽተኛው "ጨጓራ ነው" ይባላል። በፍቅር ነው የምናደርገው። ነገር ግን እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ ያውቁታል። አንድ የሐይቅ ሰው "ልጆቼ እንዳይከፋቸው የማላውቅ መስያለሁ" ብለውኛል። ልጆቻቸው ውጭ ቆመው "እንዳትነግሪያቸው" እያሉኝ ነው የገባሁት።

መርዶ እንዴት እንደምናረዳ አስቡት። ንጋት ላይ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ተጠንቅቀን። ያንን ጥንቃቄ እያወቅንበት የበሽታን ወሬ ግን ኮሪደር ላይ በቁም እንሰማለን። መጀመሪያ ጠይቁት፦ "ስለ ህመምህ ምን ታውቃለህ? ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?" አልፈልግም ካለ ተዉት። እፈልጋለሁ ካለ ዕዳ ያለበት አለ፣ ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው ያለው አለ፣ መሬቱን ለልጆቹ የሚያካፍል አለ። ጊዜውን አትንጠቁት።

ጸበሉን፣ ዱዓውን ይከለክላል?

በፍጹም። የነፍሱ ነገር ራሱ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ሼሁም ይግቡ፣ የንስሐ አባትም ይግቡ፣ ወዳጃም (የዱዓ ስብሰባችን) ይደረግ። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው፣ መድኃኒቱን አታስቁሙት። በጾምና በረመዳን ወቅት የመድኃኒት ሰዓት የሚዘሉ አሉ። ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለው የሃይማኖት አባቶቹ ራሳቸው ቢነግሩት ከኔ በላይ ይሰማቸዋል።

ዛሬ ቤቴ የታመመ ሰው አለ። ምን ላድርግ?

ደብተር ያዙ። ህመሙ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ የት እንደሆነ፣ የሰጣችሁት መድኃኒት ስንት ሰዓት እንደቆየ ጻፉ። ሐኪም ዘንድ "በጣም ያመዋል" ከማለት ይሄ ደብተር አሥር እጥፍ ይሠራል። የማይነሳ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ገልብጡት፣ ተረከዙንና ወገቡን እዩ። አፉን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ አርጥቡ። አልበላም ካለ አታስገድዱት፣ መጨረሻው ሲቃረብ ሆድ ራሱ ምግብ አይፈልግም፣ ገንፎ በማንኪያ ማስገደድ ለሱ ሥቃይ ነው።

ቁስሉ ሸቶ ሰው መቅረብ ካቃተው ዝም አትበሉ። ሜትሮኒዳዞል የሚባለው ኪኒን ተፈጭቶ ቁስሉ ላይ ሲነሰነስ ሽታውን ይቀንሰዋል፣ ነርስ ወይም ሐኪም አይቶ እንዲያዝላችሁ ጠይቁ። ሽታው ሲጠፋ ጠያቂው ተመልሶ አልጋው ጎን ይቀመጣል፣ ይሄን ስንቴ አይቻለሁ።

ማታ የሚያድር ሰው ደግሞ ተራ አውጡ። አስታማሚዋ በሳምንት ሁለት ሌሊት እንኳ ትተኛ። የሚጠይቃችሁ ሰው "ምን ላምጣ?" ሲል ብርቱካኑን ተዉትና "ሐሙስ ማታ እደሩልን" በሉት።